የሆላንድ ደመና በሳቢያን

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፤ አዲስ አበባ

ከአልጋዬ ያስነሳኝ አንድ ደመና ነው። እውነተኛ ደመና ቢሆን ብርድ ልብሴን ሽቅብ ስቤ እተኛ ነበር። ይሄኛው ግን በዘይት ቀለም የተሠራ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር አንድ የሰርግ አዳራሽ ውስጥ የተሰቀለ የሆላንድ ደመና ነው። ሠሪው ታናሽ ወንድሜ ተሾመ ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ተሼ ይለዋል። ትናንት ደወለና «እቴቴ፣ ሰማዩ ጉድ ሠራኝ፤ ድረሽልኝ» ብሎ ዘጋው። ምን እንደሆነ እንኳ አላብራራም።

ማብራራትም አያስፈልገውም። ሥዕል በማስተማር ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ የጀማሪ ደመና ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ጥጥ ነው። ተሼ እስከ ዘንድሮ ድረስ ፋብሪካ ውስጥ የብረት በር ሲቀባ የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን ብድግ ብሎ ሥራውን ለቀቀና ሠዓሊ ነኝ አለ። ያውም ምን ሊሥል? የሆላንድ መንደር! የንፋስ ወፍጮ፣ የሳር ክዳን ቤት፣ ቦይ፣ ላም። ያ ሁሉ ግመልና ቁልቋል ደጁ ቆሞ እያለ፣ የሰው አገር ላም! ስሰማ ደሜ ፈልቶ ነበር።

ቢሆንም ወንድሜ ነው። ለሚስቱ ደውዬ እንደሰማሁት፣ እሑድ አዳራሹ ውስጥ ሰርግ አለ። እስከዚያ ሰማዩ ካልተስተካከለ የአዳራሹ ባለቤት ሥዕሉን አስወርዳ የታተመ ፕላስቲክ ትሰቅላለች። እሱም ለሚስቱ ቃል ገብቷል፤ ይሄ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራው ከከሸፈ ሰኞ ወደ ፋብሪካው በር ይመለሳል። ስለዚህ ነጭ ቀለም፣ ብሩሽ፣ የቀለም ቢላና አንድ ጠርሙስ የተልባ ዘይት በሻንጣ ከትቼ፣ በጨለማ መናኸሪያ ተገኘሁ። ረዳቱ ሻንጣዬን ሲያነሳ «ማዘር፣ ድንጋይ ነው እንዴ?» አለኝ። ደመና ነው ብለው አያምነኝም።

ሐሙስ፣ ቀትር፤ ጭሮ

አዳማን በእንቅልፍ፣ መተሐራን በአቧራ አለፍን። ከአዋሽ በኋላ ሾፌሩ የከፈተው ፊልም ላይ አንዲት ሴት ታለቅሳለች፤ ጭሮ ስንደርስም አላባራችም። መቀመጫዬ አይተኛም። አይተኛም ስለው ረዳቱ «ቀን ነው እኮ» ብሎኝ ሄደ።

ለምሳ የወረድንበት ቤት ጥብሱ ከገመድ የጠነከረ፣ ዋጋው ግን ከሥጋ ቤት ሙሉ በሬ የገዛሁ የሚያስመስል ነው። ግድግዳው ላይ ማንን አገኘሁ መሰላችሁ? ሆላንድን! የንፋስ ወፍጮ፣ ቦይ፣ ሁለት ነጫጭ ዝይ፣ አረንጓዴው እንደ ሎሚ ከረሜላ፤ ጥጉ ላይ የበርበሬ ጣት አርፎበታል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚህ አገር የሆላንድ መንደር ያልተሰቀለበት ሳሎን ካለ አንድ ሰው ይጠቁመኝ። ሰዎቹ አይተውትም፣ ስሙንም ጠርተውት አያውቁም። «ይሄ የት ነው?» አልኳት አስተናጋጇን። «ውጭ አገር» አለችኝ፣ ሂሳቤን እያስቀመጠች። በቃ፤ ውጭ አገር።

ተሼም ከዚህ የተሻለ ነገር እንደማይሠራ እያሰብኩ ወደ አውቶብሱ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ አመሻሽ፤ ደንገጎ

ቁልቢን አልፈን ደንገጎ ተራራ ላይ ስንደርስ አየሩ ቀዘቀዘና መስኮት ዘጋን። ከዚህ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ወደ ድሬ ሙቀት ይወርዳል። በስተግራ አንድ ደመና ቆሟል፤ ሆዱ ጠፍጣፋና የእርሳስ ዓይነት ጥቁር፣ አናቱ ደግሞ የመጨረሻው ፀሐይ ያረፈበት ነጭ። ከጥቁሩ ወደ ነጩ የሚሸጋገረው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በመሀል ስንት ዓይነት ግራጫ አለ! ተማሪ ይዤ ብመጣ ኖሮ አልኩ። ተሼ ከዚህ እግር ሥር እየኖረ ቀና ብሎ አለማየቱ አናደደኝ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከጭሮ ጀምሮ ቃል ሳትተነፍስ የመጣች ናት። ደመናውን ስታይ ስልኳን አወጣች። «ሃሎ? ደንገጎ ጠቁሯል። እ? አዎ፣ ጠቁሯል። ንገሪያቸው» አለችና መልሳ ከተተችው።

የአየር ጠባይ ዘጋቢ አጠገቤ አስቀምጠውልኝ ኖሯል! ለዚህ ለዚህ ስልክ ባይፈጠርስ? ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ።

አርብ፣ ጠዋት፤ ሳቢያን

የድሬ ሰው አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም። የባጃጁ ሾፌር በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ «አንቺ፣ ሳቢያን የት ጋ ልጣልሽ?» አለኝ። ልጣልሽ! የት ትጥለኝ? እየተንገጫገጭን አዳራሹ በር ላይ ጣለኝ።

ተሼ በሩ ላይ ቆሟል። ከስቷል፤ ጥፍሩ ውስጥ ቡናማ ቀለም አለ። ከጎኑ የአዳራሹ ባለቤት አዴ ሩቂያ ናቸው፤ «አዴ» እዚህ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ አክብሮት ነው፤ የኔን ዕድሜ የሚያህሉ፣ ድምፃቸው ያለ ማይክ አዳራሽ የሚሞላ ሴት ናቸው።

«አንቺ ነሽ እህቱ? አቦ እንኳን መጣሽ! ሥዕሉ አሪፍ ነው ወላሂ። ሰማዩ ግን ሰው ያባርራል።»

ልስቅ እያልኩ ገባሁ። ወለሉ መሀል ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ሥዕሉ የመድረኩን ግድግዳ በሙሉ ይዟል። አቡጀዲ ከአቡጀዲ ሰፍቶ፣ በባሕር ዛፍ እንጨት ወጥሮ፣ በሙጫ ደፍኖታል። የመሬቱን መስመር ዝቅ አድርጎ ከሦስት እጅ ሁለቱን ለሰማይ ሰጥቶታል፤ ሆላንዶች ተራራ ስለሌላቸው የሚኮሩት በሰማያቸው ነው። መጀመሪያ ሸራውን በሙሉ ቡናማ አልብሶ፣ በላዩ በአኳራጅ የቀጠነ ቀለም፣ ከዚያ በተልባ ዘይት የወፈረ ጨምሯል። ከሥር ቀጭን፣ ከላይ ወፍራም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ጽፌው ማንም ያልሰማኝ ሕግ! የአሸዋው መንገድ ላይ ደግሞ ቡናማውን ሳይነካ ትቶት፣ ሁለት የብሩሽ ጭረት ብቻ ጣል አድርጎበት መንገድ ሆኗል። የሳር ክዳኖቹ እርጥብ ናቸው። ደመናው... ደመናው ከወፍጮው ጀርባ ተነስቶ፣ ጥቁር ሆዱን አንጠልጥሎ፣ መሀል ሜዳው ላይ ሰፊ ጥላ ጥሏል። ከጥላው ወዲያ አንዲት ቀጭን የብርሃን ሰንበር አለች። አገሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰማይ የሠራ ሰው አላውቅም። እኔም አልሠራሁም።

ይሄን ለተሼ አልነገርኩትም። ሰው እንዲህ በቀላሉ አይመሰገንም። ይልቅ እንከን ፈለግኩ፣ አገኘሁም፤ በጥላው ውስጥ፣ ቦዩ ዳር፣ ትልቅ የጨርቅ ጓዝ የተሸከመ ትንሽዬ ሰው አለ።

«ይሄ ምንድነው? ሆላንድ ውስጥ ሰልባጅ ተሸካሚ አለ እንዴ?»

«ይሁን በቃ፣ እቴቴ» አለኝ።

ችግሩ ምን እንደሆነ የነገሩኝ አዴ ሩቂያ ናቸው። የሙሽሪት አያት አው ዩሱፍ («አው» ደግሞ ለትልቅ ወንድ ነው) አዳራሹን ሊያዩ መጥተው፣ መድረኩ ሥር ቆመው፣ ቀና ብለው፣ «ልጄን እዚህ ደመና ሥር አላስቀምጥም» ብለው ወጥተዋል። ከሳቸው በኋላ ሌሎችም አጉረመረሙ። «እኛ ሰዎች ጥቁር ደመና ስናይ ወንዙ ነው ትዝ የሚለን። ሰማያዊ አርጊው አቦ፤ ያምራል፣ ሰርግ ነው» አሉኝ አዴ ሩቂያ።

እኔም ጮህኩ። «ይሄ ደመና ሆላንድ ነው ያለው! ባሕር ማዶ! የናንተን ወንዝ የት ያውቀዋል? ሰማያዊ ከፈለጉ የብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ይስቀሉ!»

«ታዲያ ፕላስቲኩን እሰቅላለሁ» አሉ አዴ ሩቂያ፣ ሳይቆጡ።

ተሼ መሬት መሬት ያያል። «ብሩሽ እንዳታነሳ! አንዲት ጭረት እንዳትነካ!» ብዬው ወጣሁ። ፈሪዎች አልኩ በልቤ። በሥዕል ደመና የሚበሰብስ ሕዝብ!

አርብ፣ ከሰዓት፤ አሸዋው ላይ

ንዴቴን ለማብረድ ታይዋን ገበያ ሄድኩ። የአዲስ አበባ ጫማዬ እግሬን ቀቅሎት ስለነበር አንድ ክፍት የፕላስቲክ ጫማ ገዛሁ። ሻጩ ኦርጅናል ነው ብሎ ማለ። የምን ኦርጅናል እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ በድልድዩ ከመዞር ብዬ ደረቁን ወንዝ ደቻቱን በእግሬ ላቋርጥ ወረድኩ። ወንዝ ይሉታል እንጂ አንድ ኩባያ ውሃ የለበትም፤ ሰፊ አሸዋ ነው፣ ሰውም ገበያ አቁሞበታል። ቲማቲም፣ ጀሪካን፣ የሰልባጅ ልብስ ክምር። ሁሉም ዕቃቸውን የሚያነጥፉት በሸራ ላይ ነው፣ ሸራው ደግሞ አራት ጥጉ ላይ ገመድ አለው፤ ገመዶቹም መሀል ላይ ተቋጥረዋል። እንዲህ ያለ ትብትብ ለምን አስፈለገ? አንዲት ልብስ ሻጭ ጋ ቆሜ ሻርፕ ሳገላብጥ ጠየቅኳት።

«ለመነሻ» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ላይ።» ከዚህ በላይ አላስረዳችኝም። ሰማዩ ኩልል ያለ ሰማያዊ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሻርፑን አሳንሺልኝ እያልኩ ነበር።

ከላይ በኩል አንድ ሰው ጮኸ። «ሎላን ዱፌ!» ሌላው ተቀበለው፤ «ዳድ! ዳድ!» ከዚያ በአማርኛ «ጎርፍ!» በሦስት ቋንቋ። ልብስ ሻጯ ገመዱን አንዴ ሳበችው፤ ክምሩ ሁሉ ጓዝ ሆነ። ዓይኔ እያየ ገበያው ተጠቀለለ። እኔ ግን ቆሜ ሰማይ አያለሁ። ጠብታ የለም! ደመና የለም! ይሄ ሕዝብ አብዷል አልኩ፣ ወላሂ እላችኋለሁ፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

«ዋሪያ! ምን ትጠብቂያለሽ?» ሴትየዋ ጓዟን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ይዛ ጎተተችኝ። ዳገቱ ላይ ወጥተን ዞር ስል መጣ። መጀመሪያ ድምፁ፤ ባዶ በርሜሎች የሚንከባለሉ ይመስላል። ከዚያ ውሃው፣ ቡናማና ወፍራም፣ እንጨትና ጀሪካን ከፊቱ እየገፋ። ቆሜ ዋጋ ስከራከርበት የነበረውን ቦታ ጠቅልሎት አለፈ። ፀሐዩ ያው እንደበራ ነው። አንድ እግሬ ባዶ ነው፤ ኦርጅናሉ ጫማ ሄዷል፤ በፌስታል የያዝኩት የአዲስ አበባውም አብሮት።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። «ዝናቡ የታለ?» አልኩ። ሴትየዋ በአገጯ ወደ ተራራው ጠቆመችኝ። «እዚያ ነው የዘነበው። ደንገጎ ሲጠቁር ነው የኛ የሚመጣው። ከላይ ካልደወሉልን እኮ አናውቅም።»

አውቶብሱ ላይ አጠገቤ የነበረችው ሴት ትዝ አለችኝ። ንገሪያቸው ያለችው እነዚህን ነው። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ቅዳሜ፣ ረፋድ፤ አዳራሹ ውስጥ

ስገባ ተሼ መሰላል ላይ ተቀምጧል። ብሩሽ አልነካም፤ እኔ ስለከለከልኩት።

«ይሄን ደመና የት አየኸው?» አልኩት።

«ሆላንድ ነዋ።»

«ተሼ!»

 መሰላሉ ላይ እንደተቀመጠ ነገረኝ። ድሬ እንደመጣ ወንዙ ዳር ከድር ከሚባል ሰው ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ነበር። ከድር አሸዋው ላይ ሰልባጅ ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ጎርፍ ተብሎ ሁለቱም ከአሸዋው ወጥተው ዳገቱ ላይ ቆመው ሳለ፣ ከድር አንድ ጓዝ ቀርቶኛል ብሎ ተመለሰ። «እኔ ያየሁት ውሃውን አይደለም» አለ ተሼ። «ውሃውን ማየት አቃተኝና ቀና አልኩ። እሩቅ ደንገጎ ላይ ይሄ ነበር የቆመው። የንፋስ ወፍጮ የጨመርኩት ሰው እንዳያውቅብኝ ነው።»

እኛ አዲስ አበባ ስለጎርፉ ስንሰማ ደውለንለት «ደህና ነኝ» ብሎን ነበር። ደህና ነኝ! ይሄ የወንዶች ቃል!

ይሄን ደመና እነሱ አናት ላይ መስቀል አይገባንም አልኩና ሁለታችንም እጅጌያችንን ሰብስበን ሥራ ጀመርን። በእርጥብ ጥቁር ላይ ሰማያዊ ብትደርብ ጥቁሩ ከሥር ይነሳና የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ይሆንብሃል፤ ስለዚህ መፋቅ አለበት። የደመናው ላዩ ቆዳ አውጥቷል እንጂ ውስጡ ገና ቅቤ ነው። በቢላ ፋቅነው፣ በአኳራጅ በራሰ ጨርቅ እስከ ቡናማው ድረስ ጠረግነው። በሕይወቴ ያየሁት ምርጥ ሰማይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ባልዲ ውስጥ ገባ። እያለቀስኩ ነው የፋቅሁት፤ አኳራጁ ነው ዓይኔን ያቃጠለኝ አልኩት። ከዚያ ስስ ሰማያዊ፣ ጥቂት የማይረባ ነጭ፤ የድሬ ሙቀት ለእሑድ ያደርቀዋል።

አዴ ሩቂያ ገብተው «ማሻአላህ! አሁን ሰማይ ሆነ!» አሉ። የብስኩት ክዳን ሆነ፤ ግን አፌን ያዝኩ።

እሑድ፣ ሰርጉ

አዳራሹ ሞላ። ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ሳምቡሳ፣ ሀልዋ፣ ሽቶው ራስ ያዞራል፤ ድምፅ ማጉያው ደረት ይደልቃል። ሙሽሪት ገና አልገባችም። አው ዩሱፍ ከዘራቸውን ይዘው፣ ነጭ ቆብ አድርገው፣ ቀጥ ብለው ወደ ሥዕሉ መጡ። ተሼ ክንዴን ያዘኝ።

ሽማግሌው ሰማዩን አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዓይናቸው ወረደ፤ ሜዳው ላይ ቆመ። ከዘራቸውን አነሱ።

«ደመናው የለም» አሉ። «ጥላውስ?»

 ጥላው! ደመናውን ፍቀን ጥላውን ትተነዋል። መሀል ሜዳ ላይ፣ በዚያ ኩልል ባለ ሰማይ ሥር፣ ከምንም የመጣ ሰፊ ጥላ ተኝቷል። መጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚቀጣበት ስህተት። አዴ ሩቂያ ከወዲያ መጡ፤ ፕላስቲኩ ዓይኔ ላይ ታየኝ።

«አውቄ ነው አባቴ» አለ ተሼ።  «ትናንት አይቼዋለሁ። እሱን መፋቅ አልቻልኩም።» ጣቱን ጥላው ውስጥ ወዳለው ትንሽ ሰው ዘረጋ። «ከድር ይባላል። አሸዋው ላይ ነበር።»

አው ዩሱፍ ጎንበስ ብለው ጓዝ የተሸከመውን ሰው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ዱዓ ይመስለኛል። ከዚያ ቀና አሉና ከቅርቡ ጠረጴዛ አንድ ወንበር በከዘራቸው ስበው፣ መድረኩ ላይ፣ ልክ ጥላው ፊት አስቀመጡ።

«እኔ እዚህ እቀመጣለሁ» አሉ ለአዴ ሩቂያ። «ሙሽሪትን አስገቧት።»

ፎቶ አንሺው ወንበሩን ወደ ጎን እንዲያደርጉለት ሦስቴ ለመናቸው። ከዘራቸውን አሳዩት። ምሳ ሲቀርብ አልተነሱም፣ ጭፈራ ሲጀመር አልተነሱም። በሰርጉ ፎቶ ሁሉ፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ፣ አንድ ሽማግሌ ቦታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

ሲመሽ አዴ ሩቂያ ተሼን ጠርተው ለመግቢያው ግድግዳ ሌላ ሥዕል አዘዙት። ምን እንዲሥል መሰላችሁ? ፏፏቴ! ሊገለኝ ነው ይሄ አገር።

ሰኞ፣ ደንገጎ

ተሼ አውቶብሱ ላይ አሳፍሮኝ ፏፏቴውን ለመወጠር አቡጀዲ ሊገዛ ሄደ። ፋብሪካ አልሄደም። በእግሬ ያለው ጫማ የሚስቱ ነው፤ ይጠበኛል።

ጠመዝማዛውን ወጥተን ደንገጎ ስንደርስ አየሩ ቀዘቀዘ። አሁን በስተቀኝ ነው፤ ያው ጠፍጣፋ ሆድ፣ ያው እርሳስ፣ አናቱ ላይ ያው ብርሃን። አጠገቤ አንድ ጎረምሳ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ ተቀምጧል። ስልኬን አወጣሁ። 

«ሃሎ ተሼ? ደንገጎ ጠቁሯል።»

«እ?»

«ጠቁሯል እልሃለሁ! ሩጥ፣ ንገራቸው።»

ጎረምሳው ሙዚቃውን ከጆሮው አውጥቶ ሳቀብኝ።